አሮጌውን ዊንዶውስ ለማጥፋት አንቸኵል

የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፥ ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ኮምፒዩተራቸውን ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድገዋል። ከዚህ በኋላ በሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል ፎልደር ይቀራል። የቀድሞው ሥርዓት በውስጡ ስለ ተቀመጠ ብዙ ጊዜ ከ10 ጊጋ ባይት በላይ ይይዛል። ይህን ያዩ ጓደኞቼ «ቆሻሻ ነው፤ ዛሬውኑ ይጥፋ» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አሳብ ፈጽሞ አልስማማም።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ይህ ፎልደር የመመለሻ መንገድ ነው። ፕሪንተሩ አልሠራም ቢል ወይም አባት ሒሳብ የሚይዝበት ፕሮግራም አልከፈት ቢል፥ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ መመለስ የሚቻለው እርሱ ሲኖር ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያጠፋዋል፤ ታዲያ ችኰላው ለምንድን ነው?

ቦታ ጠቦ ግድ ቢሆን እንኳ፥ አስቀድሞ ውስጡን መመርመር፥ የተረሳ ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ቢገኝ ወደ ፍላሽ መገልበጥ፥ ከዚያም በሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ በሚለው በኩል ማስወገድ ይገባል። በእጅ እየመረጡ መደምሰስ ግን «ፈቃድ የለህም» እየተባሉ ግማሹን አጥፍቶ ግማሹን ማስቀረት ነው።

ኮምፒዩተሩ የቤተ ሰብ ከሆነም ወላጆችን መጠየቅ ያስፈልጋል። እናቴ የሠርግዋን ፎቶግራፎች በየትኛው ፎልደር እንዳኖረች የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት።