ከገጽ ወደ ገጽ፦ መንገዱን ማን ይምራ?

አንድ ተማሪ በኢንተርኔት የመመዝገቢያ ክፍያ ቅጽ ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ እንበል። «ክፍያዎ ተፈጽሟል» የሚል ገጽም መጣለት። ተማሪው እርግጠኛ ለመሆን ገጹን ቢያድሰው፣ ብራውዘሩ ቅጹ በድጋሚ ይላክ እንደሆነ ይጠይቀዋል። የጥያቄው ትርጉም ያልገባው ተማሪም «እሺ» ይላል፤ ክፍያውም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ለመሆኑ ስሕተቱ የማን ነው? ብዙዎች የተጠቃሚው ነው ይላሉ። እኛ ግን ስሕተቱ ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሻግረውን መንገድ የነደፈው ባለሙያ ነው እንላለን።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ሥረ መሠረቱ መመለስ ያስፈልጋል። ድር የተወለደው በፊዚክስ ሊቃውንት መካከል ነው። በኦክስፎርድ ፊዚክስ ያጠናው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 የድርን ሐሳብ ያቀረበው በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ነበር። የድር መግባቢያ ሕግ የሆነው ኤችቲቲፒ አንድ መሠረታዊ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሰርቨሩ ያለፈውን ጥያቄ አለማስታወሱ ነው። በሜካኒክስ የሚሠሩበት ኃይሎች የታወቁለትን አካል የወደፊት ጉዞ ለማስላት የአሁን ቦታውንና ፍጥነቱን ማወቅ ይበቃል፤ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያሻም። በድርም እንዲሁ ሰርቨሩ መልስ ለመስጠት የሚያስፈልገው ሁሉ በጥያቄው ውስጥ መገኘት አለበት።

ጥያቄዎች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። «ጌት» የሚባለው አሳየኝ ማለት ነው፤ መቶ ጊዜ ቢደጋገም በሰርቨሩ በኩል የሚለውጠው ነገር ሊኖር አይገባም። «ፖስት» የሚባለው ግን ብዙውን ጊዜ አድርግልኝ ማለት ነው፤ ገንዘብ ይከፍላል፣ ስም ይመዘግባል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ አንዴ ከተላከ በ«ተመለስ» ቁልፍ አይመለስም። ከገጽ ወደ ገጽ የሚደረግ ጉዞ ሁሉ መመሥረት ያለበት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ገጾችን በሰርቨር ላይ የሚያሰናዱ አንዳንድ ፍሬምወርኮች ይህን ልዩነት ከፕሮግራም ጸሐፊው ዓይን ሰውረውት ቆይተዋል። ለአብነት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ጃቫ ሰርቨር ፌስስን እንመልከት። ገንቢው «ውጤቱ የተሳካ ከሆነ ወደዚህ ገጽ፣ ካልተሳካ ወደዚያ» የሚል ደንብ በአንድ ፋይል ያሰፍራል። ሐሳቡ ሥርዓት ያለውና ለማስተዳደር የሚመች ነው። ይሁን እንጂ ጉዞው በአመዛኙ በ«ፖስት» የሚካሄድ ከመሆኑም በላይ፣ ደንቡ በግልጽ ካላዘዘ በቀር የገጹ መቀያየር በሰርቨሩ ውስጥ ብቻ ያልቃል። ብራውዘሩ ስለ ለውጡ ስለማያውቅ የሚያሳየው አድራሻ የቀድሞውን ገጽ ይሆናል። አድራሻውን መዝግቦ ለጓደኛው የሚልክ ሰው ያየውን ሳይሆን ሌላ ገጽ ላከ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሁለተኛው እትም በ«ጌት» የሚሠሩ ማያያዣዎችን በመጨመር ይህን ጉድለት ለማረም መሞከሩ ችግሩ እውነተኛ እንደነበር ይመሰክራል።

መፍትሔው ረቂቅ አይደለም። ሰርቨሩ የ«ፖስት»ን ትእዛዝ ከፈጸመ በኋላ ገጽ አይልክም፤ ይልቁንም «ውጤቱን በዚህ አድራሻ ተመልከት» ብሎ ብራውዘሩን ይመራዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የኤችቲቲፒ ደንብ ለዚሁ ተግባር 303 የተባለውን የመልስ ቁጥር መድቧል። ብራውዘሩ አዲሱን አድራሻ በ«ጌት» ስለሚጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ ገጹ ሺህ ጊዜ ቢታደስ ክፍያ አይደገምም። መልሱ ሳይመጣ ቁልፉን ደጋግሞ ለሚጫን ትዕግሥተኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ በቅጹ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መለያ ማኖር ያስፈልጋል።

«ይህ ተጨማሪ ምልልስ ጊዜ አያባክንም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ እናስላው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ በ6,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢገኝ፣ ደርሶ መልሱ 12,000 ኪሎ ሜትር በመሆኑ ቢያንስ 0.06 ሰከንድ ይፈጃል። መስመሩ በተጨናነቀበት አገር ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መስመሩ በዘገየ ቁጥር ገጹን የሚያድሰውና ቁልፉን የሚደጋግመው ሰውም ይበዛል። ስለዚህ ጥንቃቄው ይበልጥ የሚያስፈልገው ዋጋው ከፍ በሚልበት ቦታ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተከፈለ ገንዘብ ጋር ሲነጻጸርም የሰከንድ ክፍልፋይ ርካሽ ነው።

ከዚህ በመነሣት ኮምፒዩተር ለሚያጠኑ ተማሪዎች የምንሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ከፍሬምወርኩ በፊት ፕሮቶኮሉን ተማሩ። ፍሬምወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በ«ጌት» እና በ«ፖስት» መካከል ያለው ልዩነት ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል። የምትሠሩት እያንዳንዱ ገጽ የራሱ አድራሻ ይኑረው፤ ማየትና ማድረግም አይቀላቀሉ። ሥራችሁን ለሌላ ሰው ከማስረከባችሁ በፊት «ተመለስ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ገጹን አድሱ፣ አድራሻውንም ገልብጣችሁ በሌላ ኮምፒዩተር ክፈቱት። ሦስቱን ፈተናዎች ያላለፈ ሥራ ገና አላለቀም።