ግለ ሂስ ወይስ ራስን መጠየቅ?

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን «ስደት ሰውን ያበላሻልና በየሳምንቱ በጉባኤ ፊት ግለ ሂስ እናድርግ፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝ» ሲል ጽፏል። ብዙዎቻችሁ ደግፋችሁታል። እኔ አልደግፍም።

በሽታውን አልስተውም። እዚህ ሐርጌሳ ሻይ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር የምንቆጥረው የሌላውን ጥፋት ነው፤ የመንግሥትን፣ የደላላውን፣ አገር ቤት የቀረውን ዘመድ ሳይቀር። «እኔስ?» የሚል ሰው ከመካከላችን ጠፍቷል። የምቃወመው መድኃኒቱን ነው፤ አገራችን ይኽንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጠጥታ ሁለት ጊዜም ታማበታለችና።

በ1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከታወጀ በኋላ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተከፈተ፤ «ሂስና ግለ ሂስ» የዕለት ቋንቋ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ያው ቃል «ራስህን አጋልጥ» ወደሚል ትእዛዝ ተለወጠ። ያጋለጠውም ያላጋለጠውም ምን እንደ ገጠመው አባቶቻችን ያውቃሉ። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ ስሙ ግምገማ ተባለ። እኔ የደረስኩት በዚህኛው ነው።

በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ አስተምር ነበር። ለአሠልጣኞች በሚሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም «ስለ ራስህ ሥራ አስብ፤ ለምን እንዲህ አስተማርኩ ብለህ በማስታወሻህ ጻፍ» ተብለን ሠልጥነናል። ጥሩ ትምህርት ነበር፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ችግሩ ጠዋት በማስታወሻችን የምንጽፈውን ከሰዓት በኋላ በግምገማ ላይ ቆመን እንድንናገር መጠየቃችን ነው። አንድ ባልደረባዬ የዋህ ነበርና ተነሥቶ «ዘንድሮ ተማሪዎቼን እየፈራሁ ነው የማስተምረው፤ የማላምንበትንም አስተምሬአለሁ» አለ። እውነቱን ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም እውነት አልተናገረም። ከሁለት ወር በኋላ ይኸው ንግግሩ ከቃለ ጉባኤ ተነቦበት ከሥራው ተነሣ።

ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ዕለት እኔም ግለ ሂስ አድርጌአለሁ፦ «ሰዓት አላከብርም» ብዬ። ሁላችንም ለጉባኤ የምትመች አንዲት ትንሽ ጥፋት በኪሳችን ይዘን እንገባ ነበር። «ያንን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ለምን ጻፍኩት?» ብዬ ራሴን የጠየቅሁት ግን እዚህ፣ ስደት ላይ፣ በእጄ ምንም ሳይኖር ነው። መልሱ አያኮራም፦ የክፍል ኀላፊነቱን እፈልግ ነበር። ይኽን ማንም ጉባኤ ከእኔ አያወጣውም ነበር፤ እዚያ ለሚጠየቅ ሁሉ የሚጠበቅ መልስ አለና።

«ሰው ብቻውን ራሱን ያታልላል» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ለብቻው የሚሮጥን የሚቀድመው የለም። ነገር ግን ጠያቂ ያስፈልጋል ማለትና ጉባኤ ያስፈልጋል ማለት ይለያያሉ። ዘርዓ ያዕቆብን አስቡ፤ የሐተታው ደራሲ ማን ነው የሚለው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ታሪኩ የስደተኛ ታሪክ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሰው ከሶት ከአክሱም ሸሸ፤ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ገብቶ ሁለት ዓመት ኖረ። እዚያ የሚጸልይለት አምላክ መኖሩን እንኳ ጠየቀ። ይኽን ጥያቄ በከሳሾቹ ፊት ያነሣው ነበርን? ኋላ እንፍራዝ ላይ በእጅ ጽሑፍና በማስተማር ኖረ፤ ሐተታውንም የጻፈው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ለምኖት ነው። የጠየቀው አንድ የሚወደው ሰው ነበር። ሥልጣን አልነበረውም።

ደግሞ ወንድማችን የረሳው ነገር አለ። ከመካከላችን የስደተኝነት ማመልከቻቸው ገና ያልተወሰነላቸው አሉ። እነዚህ ሰዎች በጉባኤ ቆመው የቤታቸውን ገመና ይናገሩ? ወረቀቱንስ ማን ያስቀምጠዋል? በየማን ትራስ ሥር ያድራል? የአንዳንዶቻችን ሸራ ቁልፍ የለውም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ደብተር ያለው በደብተሩ፣ የሌለው በልቡ ይጠይቅ፤ ከዚያም አንድ የሚያምነውን ሰው መርጦ ያንብብለት። ማንም አይመዝግብ። እኔ የባልደረባዬን ነገር እዚህ የጻፍኩት ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ነው፤ የእሱን ስም ግን አልጠቀስኩም፣ አልጠቅስምም።

ሐሳቡ ሐሙስ ለድምፅ ይቀርባል ተብሏል። የእኔ ድምፅ ተቃውሞ ነው። ከጸደቀም፣ እባካችሁ፣ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ብላችሁ እኔን ቃለ ጉባኤ ያዥ አታድርጉኝ።