ለደገኛ ተማሪ የምትስማማ ጀልባ

ጀልባ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ውሃውን ይምረጥ። የመንዝና የመርሐቤቴ ልጆች የምናውቃቸው ጀማና ወንጪት ክረምት ሲገባ ደፍርሰው ከገደል ሥር የሚያገሡ ናቸውና ለመዝናኛ አይሆኑም። እንግዲህ ደገኛው ተማሪ መቅዘፍ ቢያምረው ወደ ጣና ይውረድ።

እዚያ ሲደርስ ግን ቀጭኗና ፈጣኗ ጀልባ ዓይኑን አትማርከው። እርሷ የዋናተኛ ናት፤ አብዛኞቻችን ደግሞ ዋና አናውቅም። ለጸጥተኛ ውሃ የሚሠራው የፕላስቲክ ካያክ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱም 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሆዱ ሰፊ በመሆኑ በቀላሉ አይገለበጥም።

«የአገራችን ታንኳስ?» የሚል ይኖራል። ታንኳን መናቅ አይገባም፤ የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው። ይሁን እንጂ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ ታንኳው መቼ እንደ ተሠራና መድረቁን ባለቤቱን ሳንጠይቅ አንሳፈር።

በካያክም ሆነ በታንኳ፣ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ይለበስ። ሰደርያ መልበስ ፍርሃት ነው የሚል ጀግና ቢኖር፣ ጣና የማንንም ጀግንነት አይጠይቅም።