ከሽመላ በረራን የተማረ ሰው

የሰው ልጅ ወፍ በሰማይ ሲበር እያየ «ምነው እኔም ክንፍ በኖረኝ» ብሎ መመኘት ከጀመረ እጅግ ብዙ ዘመን ነው። ምኞት ብቻውን ግን ማንንም ከምድር አላነሣም። ምኞቱን በሚዛንና በመስፈሪያ እየመረመሩ ወደ ሥራ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ነው። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊሊየንታል በ1848 በሰሜን ጀርመን አንክላም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ እርሱንና ወንድሙን ጉስታፍን እኅታቸውንም ያሳደገች እናታቸው ነበረች። ሁለቱ ወንድማማቾች በመስክ የሚውሉትን ሽመላዎች እየተከታተሉ አበራረራቸውን ያጠኑ ነበር፤ ሽመላ ሊነሣ ሲል ፊቱን ወደ ነፋሱ እንደሚያዞርም ያን ጊዜ አስተዋሉ። ክንፍ ሠርተው ሊሞክሩ ሲወጡ ጓደኞቻቸው እንዳይሥቁባቸው በሌሊት ይሄዱ ነበር። ሙከራው አልሠመረም፤ እናታቸው ግን የዕቃ መግዣ ገንዘብ አልከለከለቻቸውም።

ኦቶ በበርሊን የመሐንዲስነት ትምህርት ተምሮ በእንፋሎት የሚሠሩ ሞተሮችን የሚያወጣ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ከ1890 ጀምሮም ከትርፉ ከመቶ 25 እጁን ለሠራተኞቹ ያካፍል ነበር። የክንፍን ነገር ግን አልተወም። ከወንድሙ ጋር ሆኖ፥ በሚሽከረከር መሣሪያ ጫፍ ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን ክንፎች እያሰረ፥ አየሩ እነርሱን የሚያነሣበትን ኃይል ለካ። ከዝርግ ክንፍ ይልቅ እንደ ወፍ ክንፍ በጥቂቱ የጎበጠው አብልጦ እንደሚያነሣ አገኘ። ይህንንም ለራሱ ብቻ ሳያስቀር ከነቁጥሩ በ1889 በመጽሐፍ አሳተመው።

ከዚያ ወዲያ የቀረው በገዛ አካሉ መፈተን ነበር። ከአኻያ እንጨት ክንፍ አበጅቶ የጥጥ ጨርቅ አለበሰው። ይህ መሣሪያ ሞተር አልነበረውም፤ ሊሊየንታል በክንዶቹ ተንጠልጥሎ ከኮረብታ ቁልቁል እየሮጠ ይነሣል፤ ሚዛኑንም የሚጠብቀው እግሩን ወደዚህና ወደዚያ በማወዛወዝ ነበር። በ1891 ዴርቪትስ በተባለ ስፍራ እስከ 25 ሜትር ተንሳፈፈ፤ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሪኖቭ ኮረብቶች 250 ሜትር ያህል ደረሰ። በ1894 በበርሊን አጠገብ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ አስቆለለ፤ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ፊቱን አዙሮ መነሣት እንዲችል ነው። ኮረብታው ዛሬም መታሰቢያው ነው።

በጠቅላላው 2000 ጊዜ ያህል በረረ። ይሁን እንጂ በ5 ዓመት ውስጥ በአየር ላይ የቆየበት ጊዜ ቢደመር 5 ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚሆን አሜሪካዊው ዊልበር ራይት ገምቶአል። እንግዲህ ለአንድ ሰዓት በረራ የአንድ ዓመት ድካም መሆኑ ነው!

ነሐሴ ወር 1896 በ9ኛው ቀን መሣሪያው በአየር ላይ ሚዛኑን ስቶ ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ ወደቀ። ሊሊየንታል አከርካሪው ተሰብሮ በማግስቱ በበርሊን ሞተ፤ ዕድሜውም 48 ነበር።

የሞቱ ወሬ አሜሪካ ሲደርስ ዊልበርና ወንድሙ ኦርቪል የበረራን ነገር አጥብቀው ያስቡ ጀመር። በሊሊየንታል ቁጥሮች ተመርተው የሠሩት ክንፍ ያሰቡትን ያህል ባያነሣ፥ ቁጥሮቹን አልጣሉም፤ በ1901 ነፋስ የሚነፍስበት ሣጥን ሠርተው 200 ያህል የክንፍ ቅርጾችን እንደ ገና ለኩ። አካልን በማወዛወዝ ብቻ ሚዛን መጠበቅ እንደማይበቃም ከአወዳደቁ ተረድተው ክንፉን ራሱን የሚጠመዝዙበት ዘዴ አበጁ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 በሞተር በረሩ። ዊልበርም በ19ኛው መቶ ዓመት በረራን ከሞከሩት ሁሉ ሊሊየንታል ዋነኛው እንደ ነበረ መስክሮለታል።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፥ ይህ ሰው ለተከታዮቹ ያወረሰው ፍጹም የሆነ መሣሪያ አይደለም፤ ሌላው ሊመረምረውና ሊያርመው የሚችል በጽሑፍ የሰፈረ ልክ ነው። በየቤታችንም ስለ ወፍ ክንፍ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። ብንሥቅበት ሥራውን በሌሊት ይሸሽገናል፤ መለኪያና ወረቀት ብንሰጠው ግን በቀን፥ በፊታችን ይሠራዋል።