«ቀማሽ» ማለት ዐዋቂ ማለት ነው

አንዳንድ የተማሩ ወንድሞቻችን «ኮኔሰር» የሚለውን የባዕድ ቃል እንዳለ ተቀብለው ይናገሩበታል። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ በአማርኛ አቻ የለውም፤ «ቀማሽ» ቢባል ከድግስ ወደ ድግስ የሚዞር ቀላዋጭ ይመስላል ይሉናል። ይህ አሳብ ቋንቋችንንም ባለሙያዎቻችንንም የሚያዋርድ ስለ ሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

በመጀመሪያ የቃሉን ምንጭ እንመርምር። እንግሊዞች በ18ኛው መቶ ዓመት ከፈረንሣይ የተዋሱት ይህ ቃል ማወቅ ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ ፍቺውም «ዐዋቂ» ከማለት አያልፍም። በላቲንም «ሳፔሬ» የሚለው ግሥ መቅመስንም ጥበበኛ መሆንንም ባንድነት ይይዛል፤ ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ሰውን «ሆሞ ሳፒየንስ» ብሎ የሰየመው ከዚሁ ግሥ በወጣ ቃል ነው። የግዕዛችን «ጥዕመ» ዘመድ የሆነው የዕብራይስጡ «ጣዓም» ደግሞ ጣዕምም ማስተዋልም ማለት ነው። እኛስ «ጣዕም ያለው ንግግር» ስንል ስለ ምላስ ነውን የምንናገረው? እንግዲህ የጐደለን ቃል ሳይሆን ክብር ነው።

በቦምቤ ገበያ ቅቤ የምትገዛውን ነጋዴ ሴት ተመልከቱ። በጣቷ ነክታ፥ አሽትታ፥ ጥቂትም ቀምሳ፥ ትኩሱን ከሰነበተው፥ ንጹሑንም ሙዝ ወይም የአትክልት ዘይት ከገባበት ትለያለች። ብትሳሳት ገንዘቧ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፍርዷ የቀልድ አይደለም። ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀት ስለሌላት ዐዋቂ ብሎ የሚጠራት የለም።

ከቦምቤ ወደ ሶዶ ተሻግረን ቡናን ብናነሣም ነገሩ ያው ነው። በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሶዶም የቅምሻ ክፍል አቋቁሟል። የቡና ቀማሽ በዓለም አቀፉ ሥርዓት ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ይመዝናል፤ በማንኪያ እየማገ ይቀምሳል፤ መልሶም ይተፋዋል። ከ100 ነጥብ 80 ያገኘው «ልዩ ቡና» ይባላል፤ 79 ያገኘው ይህን ስም ያጣል። በዚያች አንዲት ነጥብ የገበሬው የዓመት ድካም ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ይህን ሚዛን የያዘ፥ የቀመሰውንም የሚተፋ ሰው ቀላዋጭ ሊባል ይገባዋልን?

ዐዋቂን ዐዋቂ የሚያሰኘው ብዙ መቅመሱ አይደለም፤ የቀመሰውን ከሌላው ለይቶ ለፍርዱ ምክንያት መስጠቱ ነው እንጂ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ሊቃውንት፥ «ቀማሽ» ለሚለው ቃል ይህን ፍቺ ጨምሩለት፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ጸሐፊዎችም ሳናፍር እንጻፈው። ለቦምቤዋ ነጋዴም ለሶዶው ባለሙያም ስሙ ይገባቸዋልና፥ ከባሕር ማዶ ሌላ ስም ከማስመጣታችን በፊት የራሳቸውን እንስጣቸው።