በባሕር ላይ የጭንቅ ጥሪና የሬዲዮ ሠራተኛው ዕውቀት

መርከብ በወደብ አጠገብ ሳለች ችግር ቢያገኛት ከየብስ ሰው ይደርስላታል፤ ወደ ውስጥ ገብታ ዳርቻው ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ግን ተስፋዋ ጥሪዋን የሚሰማ ጆሮ መገኘቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የባሕር ንግድ ያላቸው መንግሥታት ከመቶ ዓመት በላይ ሲመክሩበት የቆዩት ነገር በመርከብ ላይ የሬዲዮ መሣሪያ ስለ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ በመሣሪያው አጠገብ የሚቆመው ሰው ማን ነው፥ ምንስ ተምሯል የሚለውም ጭምር ነው።

ይህን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ያጠነከረው የታይታኒክ ጥፋት ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ የተቈጠሩ ናቸው) በ1912 ዓ.ም. ኤፕሪል 14 ቀን ሌሊት መርከቢቱ ከበረዶ ተራራ ጋር በተጋጨች ጊዜ፥ ካሊፎርኒያን የምትባል ሌላ መርከብ በቅርብ ቆማ ነበር። ነገር ግን የነበራት የቴሌግራፍ ሠራተኛ አንድ ብቻ ነበርና የዕለቱን ሥራ ፈጽሞ መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቷል። ይኸው ሰው አስቀድሞ ስለ በረዶው ሊነግራቸው ቢሞክር የታይታኒክ ሠራተኛ የመንገደኞችን ቴሌግራም ወደ የብስ በማስተላለፍ ተጠምዶ ስለ ነበር ዝም በል ብሎት ነበር። ካርፓቲያ ግን 58 ማይል ያህል ርቃ ሳለች ጥሪውን ሰማች። የሰማችውም ሠራተኛዋ ሃሮልድ ኮታም ሊተኛ ልብሱን በማውለቅ ላይ ሳለ የጆሮ መስሚያውን ገና ከራሱ ስላላወረደ ነው። ወደ 700 የሚሆን ሰው በዚህ አጋጣሚ ዳነ፤ 1,500 ያህሉ ግን ሰጠመ።

በ1914 ዓ.ም. መንግሥታት በለንደን ተሰብስበው ስለ ባሕር ደኅንነት ውል ሲዋዋሉ፥ የጭንቅ ጥሪን ሌሊትና ቀን ሳያቋርጡ ማዳመጥን ከዋናዎቹ ሥርዓቶች እንደ አንዱ አደረጉት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሥራውን ቢያዘገየውም አሳቡ አልጠፋም፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ሞርስ የሚያውቅ፥ ሥራው ይህ ብቻ የሆነ የሬዲዮ ሹም ይቀመጥ ነበር።

ዛሬ ያ ሹም ከአብዛኞቹ መርከቦች ወርዷል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ1988 ዓ.ም. የወሰነው አዲስ የጭንቅ ጥሪ ሥርዓት በ1992 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 ዓ.ም. በሙሉ ጸና፤ በባሕር ማዶ ጕዞ ላይ ያሉ የመንገደኛ መርከቦችና ከ300 ቶን የማያንሱ የጭነት መርከቦች ሁሉ በዚህ ይተዳደራሉ። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። በመርከቡ መሪ ክፍል በክዳን የተሸፈነ ቀይ ቍልፍ አለ፤ ክዳኑ ተነሥቶ ቍልፉ ጥቂት ሰኮንድ ሲጫኑት መሣሪያው የመርከቡን ዘጠኝ አኃዝ ቍጥር፥ ያለበትን ስፍራና ሰዓቱን ራሱ ይልካል። ለቅርብ በ70ኛው መስመር ይጠራል፤ ቀጥሎ ሰውየው በ16ኛው መስመር በቃሉ ይናገራል። ርቀቱ ሲበዛ ሌላ ሞገድ ወይም ሳተላይት አለ፤ መርከቡ ቢሰጥም ደግሞ ተንሳፍፎ ለሳተላይት ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ይቀራል።

እንግዲህ ሥራው ወደ ማን ተላለፈ? መርከቡን ወደሚመራው መኰንን ነው። ሕጉ በሬዲዮ የተመሰከረላቸው ሰዎች በየመርከቡ እንዲኖሩና ከእነርሱም አንዱ በጭንቅ ሰዓት የሬዲዮው ኃላፊ ሆኖ እንዲለይ ያዛል። ከየብስ ጣቢያ የቅርብ ሬዲዮ ክልል ለማይወጣ የተወሰነ ምስክር ወረቀት ይበቃዋል፤ ወደ ውቅያኖስ ለሚዘልቅ ጠቅላላው ያስፈልገዋል፤ ችሎታውንም ከአምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንደ ገና ማስመስከር አለበት። ድሮ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይለማመደው የነበረውን ጥበብ ዛሬ ብዙ ሌላ ሥራ ያለበት መኰንን በአጭር ኮርስ ይማረዋል። መሣሪያው ቢቀልም የሰውየው ኃላፊነት አልቀለለም።

ለዚህ የኤስቶኒያ ነገር በቂ ምስክር ነው። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ሌሊት ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትሄድ የነበረችው ይህች መርከብ 989 ሰዎች ይዛ በባልቲክ ባሕር ሰጠመች፤ የዳኑት 137 ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ጥሪ የተሰማው ከሌሊቱ በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ በኤውሮፓ ሰዓት ነበር፤ ነገር ግን ሥርዓቱን የጠበቀ አልነበረም። ተናጋሪው በእንግሊዝኛ ተጀምሮ የነበረውን ንግግር ወደ ፊንላንድኛ አዞረው፤ የመርከቢቱም ስፍራ የተነገረው ሰባት ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ነው፤ በመካከሉም የመርከቢቱ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን፥ ለሳተላይት ምልክት የሚሰጡት ሁለት መሣሪያዎች ተንሳፍፈው ኋላ በተገኙ ጊዜ፥ ሲመረመሩ ደኅና ሆነው ሳለ ማብሪያቸው አስቀድሞ ሳይከፈት መቅረቱ ነው። የመርከቢቱ ዘንበል ማለት እጅግ ፈጥኖ ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በተናጋሪው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የመሣሪያዎቹ ማብሪያ ግን ባሕሩ ጸጥ ባለበት፥ መርከቢቱም በወደብ ሳለች ሊታይ የሚገባው ነገር ነበር።

ደግሞም ካለማወቅ የሚወጣ የሐሰት ጥሪ አለ። ጀማሪው ሳያውቅ ቀዩን ቍልፍ ይጫንና ደንግጦ መሣሪያውን አጥፍቶ ዝም ይላል፤ የየብስ ጣቢያዎችና በአቅራቢያው ያሉ መርከቦች ግን የጠፋች መርከብ ይፈልጋሉ። የተማረው ሰው ወዲያው በቃሉ ጥሪው የስሕተት መሆኑን ተናግሮ ይሽረዋል። የሐሰት ጥሪ ሲበዛም የሰሚው ልብ ይደነዝዛልና፥ እውነተኛው ጥሪ በመጣ ጊዜ ሰነፍ ጆሮ ያገኘዋል።

ይህ ነገር የባሕር በር ለሌላት አገር ምን ይመለከታታል የሚል ቢኖር፥ ኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ያቋቋመችው በ1964 ዓ.ም. መሆኑንና በ1993 ጠረፏን ካጣች በኋላም ሰንደቅ ዓላማዋን የያዙ መርከቦች በባሕር መመላለሳቸውን ያስብ። ዕቃዋ የሚመጣበትም መንገድ ጭንቅ የማይለየው ነው፤ በማርች 6 ቀን 2024 ዓ.ም. ትሩ ኮንፊደንስ የተባለችው የጭነት መርከብ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚሳይል ተመትታ ሦስት ባሕረኞች ሲሞቱ፥ የተረፉትን የሕንድ የጦር መርከብ ወደ ጅቡቲ አድርሷቸዋል። በባሕር ዳርም በምህንድስና የተመረቁ ወጣቶች ለመርከብ ሥራ ይሠለጥናሉ። ከእነርሱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚሆነው ጥሪውን በቃሉ ባያሰማ እንኳ፥ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮውን የሚያናግረው ባትሪ ሞልቶ መቈየቱ በእርሱ እጅ ነው።

እንዲህ ከሆነ ፈታኞች በወረቀት መልስ ብቻ ሊረኩ አይገባም። ንባቡን ሸምድዶ ትርጓሜውን ያልሰማ ተማሪ በጉባኤ ፊት እንደሚታወቅ፥ ምስክር ወረቀት ይዞ መሣሪያውን ያልነካ መኰንንም በማዕበል ፊት ይታወቃል፤ በዚያ ግን የሚታረምበት ጊዜ የለውም። ተማሪው መብራት በጠፋበት ክፍል፥ ጩኸት በበዛበት፥ ወለሉም ባዘነበለበት ቁሞ የመርከቡን ስም፥ ስፍራውንና የጭንቁን ዓይነት በሚገባ እንግሊዝኛ ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ይናገር፤ የስሕተትንም ጥሪ በፈታኙ ፊት ይሻር። የኢትዮጵያ መርከብ ቍጥር የሚጀምረው በ624 ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ መካከል ቀዩ ቍልፍ ሲጫን የሩቁ ጣቢያ ሠራተኛ አስቀድሞ የሚያነበው ይህን ቍጥር ነው፤ ቀጥሎም የሰውየውን ድምፅ ይጠባበቃል።