በባዶ ሆድና በግማሽ ኪሎ መካከል

ነቀምት ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ዋናው መንገድ ዳር ካሉት ግሮሰሪዎች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። አስተናጋጇ መጣች።

‹‹ምን ልታዘዝ ጋሼ?››

‹‹አንድ ቢራ። ከሱ ጋር ትንሽ የሚቀመስ ነገር ይኖራል?››

‹‹ጥብስ አለ።››

‹‹ትንሽ ነው የምፈልገው፤ እራት ዘመድ ቤት ይጠብቀኛል።››

‹‹ትንሹ ግማሽ ኪሎ ነው።››

እንግዲህ ጎበዝ፣ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። በባዶ ሆድና በግማሽ ኪሎ ጥብስ መካከል ምንም የለም። ወይ አንጀትህን እያቃጠልክ ትጠጣለህ፣ ወይ የደመወዝህን ወገብ የሚሰብር ሥጋ ታዝዛለህ። መምህሩና የጤና ጣቢያው ባለሙያ የቱን እንደሚመርጡ መቼም አይጠፋችሁም። በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል፤ እራቱ ቤት ቀዝቅዞ ያድራል። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አብረውኝ ከተቀጠሩት መካከል በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። ግጥም ሲተነትኑ አፍ የሚያስከፍቱ ሰዎች ነበሩ። ‹‹መጠጥ ገደላቸው›› ተባለ። እኔ ግን የገደላቸው አጠጣጡ ነው እላለሁ።

ሌላ አጠጣጥ አለ ወይ? አለ። ጣልያኖች ‹‹አፔሪቲቮ›› ይሉታል። ቃሉ ‹‹መክፈት›› ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው፤ ሆድን ለእራት መክፈቻ ለማለት ነው። ከእራት በፊት አንድ ትንሽ ብርጭቆ፣ ከሱ ጋር ጉርሻ የምታህል ምግብ፣ ጥቂት ወሬ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

‹‹ደግሞ ጣልያን ናፋቂ መጣብን!›› የሚለኝ አይጠፋም። የማወራው እኮ ስለ ነቀምት ነው! ሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች ቦናያ ሜዳ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ከነባልደረቦቹ የገደሉት እዚሁ አጠገብ ነው። ይህን አገር በጣልያን ፍቅር የሚያማው የለም። ግን ባርና ማኪያቶን፣ ፓስታና ፉርኖን ከነስማቸው ስንቀበል አላፈርንም። የሚገርመኝ ባሩን ወስደን ልጓሙን መተዋችን ነው።

ቬኒስ ውስጥ ‹‹ባካሮ›› የሚባሉ የሰፈር ወይን ቤቶች አሉ። ጠባብ ናቸው፤ ብዙው ሰው ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ ነው የሚጠጣው። ባንኮኒው ላይ ‹‹ቺኬቲ›› የሚሏቸው ቁርሾች ተደርድረዋል፦ ቁራሽ ዳቦ ላይ የተቀባ ዓሣ፣ ግማሽ ቅቅል እንቁላል፣ አንዲት ድቡልቡል ሥጋ። ግማሽ ኪሎ ብሎ ነገር የለም። ትንሿን የወይን ብርጭቆ ደግሞ ‹‹ኦምብራ›› ይሏታል፤ ጥላ ማለት ነው። እንደሚተረከው የጥንት ወይን ሻጮች ከፀሐይ ሸሽተው የደወሉን ግንብ ጥላ እየተከተሉ ይሸጡ ነበር። እነሱ ጥላ ይጠጣሉ፣ እኛ ጠላ! ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብቻ ነበረች።

‹‹ነበረች›› ያልኩት ሳላውቅ አይደለም። ጠጅ ቤታችን ከባካሮው በምን ያንስ ነበር? አግዳሚው ላይ ነጋዴው ከመምህሩ፣ ዳኛው ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ቆሎው ይዞራል። አባቶቻችን ‹‹ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ›› ሲሉ መጠኑንም መናገራቸው ይመስለኛል። የብርሌ አንገት ጠባብ ነው፤ እያጣጣምክ እንድትጠጣ ያስገድድሃል። ጠጅ በጃምቦ ያለ የለም።

በተለይ ወለጋ! የማር አገር፣ ጠጁን ‹‹ዳዺ›› ብሎ የሚያከብር ሕዝብ። ትንሽ ሳህን ላይ ለሚቀርበውስ ምን ይጎድለዋል? አንጮቴ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤ ተለውሶ፣ ዳር ላይ ቆጭቆጫና አይብ ጠብ ተደርጎበት። በቅቤና በአይብ የራሰ ጩምቦ። ሁለት ጣት የምታህል ጩኮ። ከነቀምት እስከ ጊምቢ፣ ከነጆ እስከ ደምቢ ዶሎ ይህን የማታውቅ እናት የለችም። ግን አንጮቴ እስከ መስቀል እቤት ተደብቆ ይቀመጣል፣ ግሮሰሪው ውስጥ ደግሞ ‹‹ጥብስ አለ›› ይባላል።

ማን አጠፋው? ጣታችንን ወደ ቢራ ፋብሪካ ለመቀሰር እንቸኩላለን። ፋብሪካው ነጋዴ ነው፤ ወንበሩንና ማቀዝቀዣውን ይዞ መጣ፣ ሥራውን ሠራ። ጠጅ ቤቱን የናቅነው እኛ ነን፣ የተማርነው። ‹‹ጠጅ ቤት ገባ›› መባልን ፈራን። ሸማች ስንሸሽ ጠማቂዋ ማሩን በስኳር ተካች፤ እኛም ‹‹ይኸው፣ ድሮም አልኩ›› አልን። ስንቱ ዶክተርና መሐንዲስ ጠጅና ጠላ በሸጠች እናት እጅ ተምሮ፣ ዛሬ የእናቱን ሙያ የኋላ ቀር ሥራ ይለዋል! ይኸው ሰው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ሦስት ፍሬ ወይራ ከወይን ጋር ቢያቀርቡለት ‹‹ሥልጣኔ›› ብሎ የተጠየቀውን ይከፍላል።

ሁለት መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። አንደኛው የሃይማኖት ነው። ወለጋ ወንጌላውያን የበዙበት አገር ነው፣ ብዙዎቹም አልኮል አይቀምሱም። አከብራለሁ። ለእነሱ ያልፈላ ብርዝ አለ፤ ያው ማር ነው፣ ሕፃንም ይጠጣዋል። አንጮቴው ደግሞ ሃይማኖት የለውም። እንዲያውም የሚጠጣውና የማይጠጣው አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡበት ቤት ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ይከብዳል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ወለጋ ያየውን መከራ የማያውቅ የለም። ሰው ማምሸት ፈርቶ በጊዜ በሩን ዘጋ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ አየ። ‹‹በዚህ መሀል ስለ ቁርሾ ታወራለህ?›› ብትሉኝ፣ አዎ፣ ስለዚሁ ነው የማወራው። እኔ አምሹ አላልኩም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ሰዓት ተቀመጡ፣ አንድ ብርሌ ጠጡ፣ የጎረቤታችሁን ፊት በብርሃን እዩ፣ ከዚያ ለእራት ቤታችሁ ግቡ ነው የምለው። መተማመን በስብሰባ አዳራሽ ብቻ አይመለስም። አንድ ሳህን ላይ እጁን ያሳረፈን ሰው መጠርጠር ግን ትንሽ ይከብዳል።

ሕጉ የቻለውን አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። በባዶ ሆድ መጠጣትን የሚከለክል አዋጅ ግን አይወጣም። እሱን የሚከለክለው ባለቤቷ የምታቀርበው ትንሽ ሳህን፣ እኛም ሳንከራከር የምንከፍለው ዋጋ ነው።

ያን ዕለት ቢራውን ግማሽ አድርሼ ተነሣሁ። ሒሳብ ስከፍል አስተናጋጇን ‹‹አንጮቴ የላችሁም?›› አልኳት። ሳቀች።

‹‹አንጮቴማ እቤት ነው ጋሼ። እዚህ ማን ይበላዋል?››

እኔ እበላዋለሁ፣ ልጄ። ከፍዬ።